ፀደይ ሲገባ እመጣለሁ

ጥር 14 ቀን 2016 ዓ.ም.
ካሩ፣ ደቡብ አፍሪካ

ለተከበርሽው አክስቴ ለሲስተር ኤልሳቤጥ፣

የጌታ ሰላም ካንቺና ከእናቴ ከርብቃ ጋር ይሁን፤ በግቢው ላለው ሰው፣ ለከብቱም ለእንሰቱም ሳይቀር ይድረስ። እኔ ደህና ነኝ ብዬ ብጽፍ ግማሹ እውነት ነው፤ ሌላው ግማሽ ናፍቆት ነው።

የጻፍሽው ደርሶኛል። አህመድ ለሱቄ ዕቃ ይዞልኝ ሲመጣ በስልኩ አሳየኝ። አህመድን ታውቂዋለሽ፣ ሆሳዕና ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይሸጡ የነበሩት የእትዬ ሃቢባ ልጅ ነው። እሱ የሚኖረው ከተማ ነው፤ እኔ ያለሁበት ግን ኔትወርክ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ እንደዚህኛው ሁሉ በወረቀት ጻፊና ፎቶ አንስተሽ ለእሱ ላኪለት። በወር አንዴ ሲመጣ ያደርስልኛል፤ የእኔንም ወስዶ ይልክልሻል። ከተማ ወርደህ ለምን አትደውልም እንዳትይኝ። ባለፈው ስደውል እማዬ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ፣ ካርዱ አለቀ፤ አንድ ቁም ነገር ሳንነጋገር ቀረን።

ስለ አገሩ ጠይቀሽኛል። በረሃ ነው ስልሽ አፋር እንዳይመስልሽ። ይሄኛው በረሃ ከፍታ ላይ ነው፤ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ሜትር ይላሉ። ዛፍ የለም። ከጉልበት የማያልፍ ቁጥቋጦ አለ፣ ድንጋይ አለ፣ የበግ አጥር አለ፣ ከዚያ ወዲያ ሰማይ ነው። አሁን በጋ ነው። ከሰዓት በኋላ ደመናው ይሰበሰባል፣ ያጉረመርማል፣ አንድ ጠብታ ሳይጥል ይበተናል። ሱቄ መንገድ ዳር ናት፤ ዳቦ፣ ስኳር፣ ነጭ ጋዝ፣ ብርድ ልብስ እሸጣለሁ። ገዢዎቼ በበግ እርባታው የሚሠሩ ሰዎች ናቸው፤ ደጎች ናቸው፣ ትንሽ ይጠጣሉ።

እማዬ ሆዷ ውስጥ ያለው ዕጢ በኦፕራሲዮን ይውጣ ተብላ፣ ልጄ ካልመጣ አልገባም ማለቷን አነበብኩ። አክስቴ፣ አሁኑኑ ተነሥቼ ልምጣ ብል ግን ሱቋን የምተውለት ሰው የለኝም። ወረቀቴም የጥገኝነት ወረቀት ነው፤ አንዴ ከዚህ አገር ከወጣሁ በእሱ አልመለስም። ስምንት ዓመት የለፋሁበትን መልክ አስይዤ መውጣት አለብኝ።

ለእማዬ እንዲህ ብለሽ ንገሪያት፦ ፀደይ ሲገባ እመጣለሁ። ፀደይ ሲገባ ልጅሽ በር ላይ ይቆማል በያት።

አክባሪሽ፣ የእህትሽ ልጅ
ናትናኤል


የካቲት 20 ቀን 2016 ዓ.ም.
ሆሳዕና

ለውድ የእህቴ ልጅ ለናትናኤል፣

በስደት ያለኸውን እግዚአብሔር በመዳፉ ይያዝህ፤ ከክፉ ሰውና ከክፉ በሽታ ይሰውርህ። እኛ ያው ነን። እኔ ጤና ጣቢያው ውስጥ እስከ ማታ እቆማለሁ፤ እግሬ ያብጣል፤ ሰው ሁሉ ሲስተር ሲስተር እያለ ይጠራኛል፣ የሚያሳርፈኝ የለም እንጂ።

ደብዳቤህን ከስልኬ ላይ በወረቀት አሳትሜ ቅዳሜ ወደ ገጠር፣ ሀቢቾ ሄድኩና ለእናትህ በሀዲይኛ እየመለስኩ አነበብኩላት። ስለ ሰካራሞቹ ደንበኞችህ ስነግራት ሳቀች፤ ከታመመች ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው። «ይመጣል» የሚለው ጋ ስደርስ ግን አስቆመችኝና ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ።

ሐኪሙን አነጋግሬዋለሁ። ደግ ሰው ነው፤ አልደበቀኝም። «ዕጢው አሁን ይወጣል፤ ሁለት ወይም ሦስት ወር ብትጠብቅ እንኳ ግድ የለም፤ ከዚያ ካለፈ ግን ምንም ቃል አልገባም» አለኝ። ፀደይ ደግሞ ደጅ ላይ ነው። ስለዚህ ይሁን፣ ትጠብቅ አልኩ።

እሷ ከአሁኑ ቦርሳዋን አዘጋጅታለች። ነጠላ፣ የሌሊት ልብስ፣ ሳሙና፣ አዲስ ሲሊፐር፤ «ሰው ፊት በአሮጌ ጫማ አልገባም» ብላ አስገዛችኝ። ኦፕራሲዮኑን ትፈሪያለሽ ወይ ብዬ ብጠይቃት ተቆጣችኝ። «አራት ወልጄ ሦስቱን የቀበርኩ ሴት ምን እፈራለሁ? ሲያስተኙኝ የቀረው ልጄ በር ላይ ይቁም፣ ሌላ አልፈልግም» አለች። ናቲ፣ የቀረሃት አንተ ብቻ መሆንህን እኔ ላስታውስህ አይገባም።

ባለፈው ገንዘብ ላክ ብዬህ ነበር፤ ትቼዋለሁ። የመድኃኒቱን እኔ እችላለሁ። አሁን የምንፈልገው አንተን ነው። የምትነሣበትን ቀን ቁርጥ አድርገህ ጻፍልኝ፤ መኪና ይዤ አዲስ አበባ ድረስ እመጣለሁ።

አክስትህ
ኤልሳቤጥ


ሚያዝያ 18 ቀን 2016 ዓ.ም.
ካሩ

ለተከበርሽው አክስቴ ለሲስተር ኤልሳቤጥ፣

ሰላምና ጤና ከቤታችሁ አይለይ። እየጾማችሁ ላላችሁት የቀረውን ሳምንት ያቅልልላችሁ፤ ለፋሲካው በደስታ ያድርሳችሁ። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ። አህመድ መኪናው ተበላሽቶበት ነበር፤ ከዚያም እኔ ዛሬ ነገ ስል ቆየሁ።

አየሩ እየተለወጠ ነው። ከምዕራብ የሚመጣ ነፋስ አለ፤ ሲነሣ ሦስት ቀን አይቆምም። አቧራው በበሩ ስንጥቅ እየገባ ዳቦው ላይ ይቀመጣል፤ እኔ በጨርቅ እጠርጋለሁ፣ ተመልሶ ይቀመጣል። ባለፈው ሰኞ ጠዋት መጀመሪያ የጣለው ውርጭ ቁጥቋጦውን አነጣው። የበግ ጠባቂዎቹ ብርድ ልብስ መጠየቅ ጀምረዋል። ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍሌ ስተኛ ሁለት ሹራብ እደርባለሁ።

ለእማዬ ወፍራም ሹራብና ለአንቺ የእግር ክሬም በአህመድ ወዳጅ በኩል ልኬያለሁ፤ ሰውየው ሀደሮ ነው አገሩ፣ ያደርሳል። ትንሽ ገንዘብም ጨምሬያለሁ። አልፈልግም ብትይም ተቀበዪኝ።

ስለ መምጣቴ አትጨነቁ። የተናገርኩትን አልረሳሁም፤ በፀደይ ነው።

አክባሪሽ
ናትናኤል


ሰኔ 20 ቀን 2016 ዓ.ም.
ሆሳዕና

ናትናኤል፣

እግዚአብሔር ይጠብቅህ። ሌላውን ሰላምታ ለራስህ ሙላው።

ፀደይ መጋቢት 26 ገብቶ ሰኔ 25 ይወጣል። አራተኛ ክፍል መምህር ሰይፈሥላሴ መፀው፣ በጋ፣ ፀደይ፣ ክረምት እያሉ በአርጩሜ ያስጠኑኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። አንተም በጥር ስትጽፍ «አሁን በጋ ነው» ብለሃል፤ ከበጋ ቀጥሎ ፀደይ ነው። ዛሬ ሰኔ 20 ነው። አምስት ቀን ቀርቶታል። የት ነህ?

የበልጉ ዝናብ መጋቢት መጨረሻ ላይ ሲጀምር እናትህ የምትተኛበትን ክፍል ግድግዳ አስመረገች፤ «ናቲ እዚህ ይተኛል፣ እኔ ጓዳ እገባለሁ» ብላ። ለአታካና የሚሆን ቅቤ አጠራቀመች፤ አንተ ስትገባ ከቆጮውና ከወተቱ ጋር ልትሠራልህ። ለግንቦት 8 የኦፕራሲዮን ቀጠሮ ተይዞላት ነበር፤ መንገድ ላይ ነው ብላ አስለወጠችው። ለሰኔ 5 ተያዘላት። ያን ቀን ቦርሳዋን ይዛ፣ ሲሊፐሯን ተጫምታ ሆሳዕና ድረስ መጣች፤ መናኸሪያው አግዳሚ ወንበር ላይ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተቀመጠችና ከአዲስ አበባ የሚመጣውን መኪና ሁሉ አየች። ከዚያ ወደ ሀቢቾ ተመለሰች። ቅቤውን ለጎረቤት ሰጠችው።

እኔ ሃያ ዓመት ነርስ ነኝ። አልገባም ያለ በሽተኛ እጁን ይዤ ጎትቼ አስገብቼ አውቃለሁ። የገዛ እህቴን መጎተት ግን አቃተኝ። አሁን ሆዷ ተነፍቷል። ሁለት ጉርሻ ከበላች በቃት።

ስልክህ አይሠራም። አህመድን ስጠይቀው «ደህና ነው ሲስተር፣ ሱቁ ውስጥ ነው» ይለኛል። ደህና ከሆንክ ይህ ምን ይባላል? ከተማው የሦስት ሰዓት መንገድ ነው ብለኸኝ ታውቃለህ። በሦስት ወር ውስጥ ሦስት ሰዓት አጣህ? ስለ ነፋስና ስለ ውርጭ ትጽፍልኛለህ። በደህና ቀን ቢሆን ወሬህን እወደው ነበር፤ አሁን ግን ደብዳቤህን ገልብጬ የምፈልገው አንድ ቀን ብቻ ነው፣ እሱን አላገኘሁትም።

ኤልሳቤጥ


ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.
ካሩ

አክስቴ፣

እግዚአብሔር ቁጣሽን ያብርድልሽ፤ የምትቆጪው በእውነት ነው።

አክስቴ፣ የእኔ ፀደይ አላለፈም። ገና አልገባም። እዚህ ወቅቱ ከአገራችን ጋር ተገልብጦ ነው የሚሄደው። ጥር በጋ ስለነበር ካንቺ ጋር አንድ መሰለ እንጂ ከዚያ በኋላ ተለያየን። እዚህ ፀደይ የሚሉት የሚገባው በፈረንጅ ሴፕቴምበር አንድ ነው፤ በእኛ ነሐሴ 26። የመምህር ሰይፈሥላሴ ፀደይ በ26 ገባ፣ የዚህኛውም በ26 ይገባል፤ በመካከላቸው አምስት ወር አለ። እኔ ደግሞ አገር ቤትም እያለሁ ለእንቁጣጣሽ በቴሌቪዥን ፀደይ መጣ ሲሉ ሰምቼ ነው ያደግሁት። ስጽፍልሽ በልቤ የነበረው መስከረም ነው።

አሁን ያለንበት ክረምት ነው፣ ግን ዝናብ የለውም። ትናንት ጠዋት ከዜሮ በታች አሥራ አንድ ነበር። የውኃው ቧንቧ ፈነዳ፤ በባልዲ ያስቀመጥኩትን በመጥረቢያ ሰብሬ በምድጃ አቀለጥኩ። ሰው ሁሉ ነጭ ጋዝና ብርድ ልብስ ይፈልጋል፤ ሱቋ የዓመቱን የምታገኘው በዚህ ጊዜ ነው።

አክስቴ፣ እግርሽ ላይ ወድቄ እለምንሻለሁ፣ እኔን አትጠብቁ። ይህን እንዳነበብሽ ውሰጂያት። ካልሄደች ተሸክመሽ ውሰጂያት። ናቲ ነው ያለው በያት። ለዚህ ደብዳቤ ብዬ አህመድን አልጠበቅኩም፤ ሱቁን ዘግቼ በበግ ማመላለሻ መኪና ወደ ከተማ እየወረድኩ ነው።

ናትናኤል


ነሐሴ 9 ቀን 2016 ዓ.ም.
ሆሳዕና

ለእህቴ ልጅ ለናትናኤል፣

ሰላሙን ይስጥህ፤ ይህን የምታነብበትን ልብም ያጽናልህ። ብቻህን ከሆንክ አህመድ አጠገብህ ይቀመጥ።

ሐምሌ 22 አስገባናት። አልተከራከረችም፤ ሕመሙ ጉልበቷን ጨርሶት ነበር። በር ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ። ብዙ ይቆያል ያሉት ኦፕራሲዮን አርባ ደቂቃ አልሞላም፤ ሐኪሙ ሲወጣ ፊቱን አይቼ ገባኝ። ከፍቶ አየው፣ መልሶ ሰፋው። ጉበቷ ጋ ደርሷል። «በግንቦት ቢሆን» ብሎ ጀመረና ተወው። እኔም ጨርስ አላልኩትም። ከእንግዲህ የሚቀረን ሕመሟን ማስታገስ ነው። ስንት ጊዜ አላት ብትለኝ በወር እንጂ በዓመት አልቆጥርልህም።

ፀደይ ሁለት መሆኑን ካነበብኩ በኋላ ሁለት ቀን ሥራ አልሠራሁም። በአንተ ብቻ ልፈርድ ፈልጌ ነበር፤ አልቻልኩም። በጥር የጻፍከውን ለእናትህ ሳነብላት ፀደይ የሚለውን በሀዲይኛ «የበልግ ዝናብ ሲጥል» ብዬ ነው የነገርኳት። አንተ ያላልከውን እኔ ጨመርኩበት። እሷ ስትቆጥር የነበረው የእኔን ቃል ነው። ነርስ ሆኜ፣ በየቀኑ ለበሽተኛ ቀኑን በጥንቃቄ ጽፌ እየሰጠሁ፣ የእህቴን ቀን ሳልጠይቅ ተቀበልኩ። እንቅልፍ የለኝም።

ነገሩን ነግሬያታለሁ። ሁለት ፀደይ ነበር፣ የእኛን ጠበቅሽ፣ እሱ የዚያን ነበር ያለው አልኳት። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። «የሱ ፀደይ ምን ይመስላል?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። «ይጻፍልኝ» አለች።

ስለዚህ ጻፍላት። እንዳለ ጻፍ፣ አታሳምርላት፤ ያሳመርክ እንደሆን ታውቅብሃለች። ከዚያ ደግሞ ና። ወረቀቱም ሱቁም ይቅርብህ አልልህም፤ የሰው ልጅ ኑሮ መሆኑን አውቃለሁ። ብቻ ና።

አክስትህ
ኤልሳቤጥ


መስከረም 15 ቀን 2017 ዓ.ም.
ካሩ

ለምወድሽ እናቴ፣

እግዚአብሔር ሕመምሽን ያስታግስልሽ፤ አልጋሽን ያለስልስልሽ። አዲሱ ዓመት ለአንቺ የዕረፍት ይሁን። እኔ ልጅሽ አለሁ።

ፀደይ ምን ይመስላል ብለሻል። እማዬ፣ የዚህ አገር ፀደይ ሰው የሚታመነው አይደለም። ነሐሴ 26 በካላንደሩ ሲገባ ውርጩ እንዳለ ነበር። ከዚያ ሁለት ሳምንት ያህል አሳመረ። ጠዋት እጅ ያደርቃል፤ አራት ሰዓት ላይ ሹራብ ታወልቂያለሽ፤ ስድስት ሰዓት ላይ ጥላ ትፈልጊያለሽ፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተመልሰሽ ትደርቢያለሽ። አንድ ቀን ውስጥ አራቱም ወቅት ያልፋል። ከድንጋዩ ሥር ስሟን የማላውቃት ብርቱካንማ አበባ ወጣች፤ ፀሐይ ካልነካት አትከፈትም፣ ሲደምን ትዘጋለች። ከላይ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። አየሩ በጣም ደረቅ ስለሆነ ከንፈሬ ይሰነጠቃል፤ ቫዝሊን እየቀባሁ ነው የምውለው። ነፋሱ ደግሞ አለ። ቀኑን ሙሉ ሲነፍስ ሰው ይነጫነጫል፤ ደንበኞቼ በትንሽ ነገር ይጣላሉ፣ እኔም እቆጣለሁ።

ይህን ያየ የእርባታው ባለቤት ብርዱ ወጣ ብሎ በጎቹን አሸለተ። ሱፉ በመኪና ተጭኖ ሄደ። መስከረም 10 ቀን ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከደቡብ መጣ፤ አንድ ሽማግሌ በግ ጠባቂ ሱቄ ውስጥ ቆሞ አየሩን አሸተተና ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ። ወዲያው ዝናብ ጀመረ፣ ዝናቡ ወደ በረዶ ተለወጠ፤ እንደኛው ጠጠር በረዶ አይደለም፣ ድምፅ የሌለው፣ የተባዘተ ጥጥ የመሰለ ነው። በማግሥቱ ጠዋት ሜዳው ሁሉ ነጭ ነበር። የተሸለቱት በጎች አጥሩ ጥግ ተጠጋግተው እንደቆሙ ሞተዋል። ሦስት መቶ አርባ ብለዋል። እኛ ሰፈር ያለን ሰዎች ሁሉ ሄደን ከበረዶው ውስጥ እያወጣን ሬሳ ጎተትን። አንዳንዷ ገና ትሞቃለች፣ ግን አትነሣም። ሽማግሌው ጠባቂ እያለቀሰ ነበር የሚሠራው። በሦስተኛው ቀን ፀሐይ ወጣና ያ ሁሉ ቀለጠ፤ አበባዎቹ ከሥሩ ምንም እንዳልሆኑ ተከፈቱ።

የእኔ ፀደይ ይህ ነው እማዬ። አላሳመርኩትም። ለዚህ ብለሽ ያን ሁሉ ጊዜ መቀመጥሽ ያሳፍረኛል።

ልጅሽ
ናትናኤል

አክስቴ፣ ይህ ገጽ ያንቺ ነው፤ ለእማዬ አታንብቢላት።

ጥፋቱ የኔም ነው ብለሽ ጽፈሻል። አይደለም። በየካቲት «ፀደይ ደጅ ላይ ነው» ብለሽ ስትጽፊ አንብቤ ገብቶኝ ነበር። የእናንተን ፀደይ እንደያዛችሁ ያን ዕለት አውቄያለሁ። ሐኪሙ ሁለት ወይም ሦስት ወር ማለቱንም አንብቤያለሁ። አንድ መስመር ብጽፍ ይበቃ ነበር፤ ከተማ ወርጄ አንድ ደቂቃ ብደውል ይበቃ ነበር። ያን ደብዳቤሽን ከአህመድ ስልክ ላይ በወረቀት ገልብጬ ሁለት ሳምንት ከትራሴ ሥር አድርጌ ተኛሁበት። ከዚያ ስለ ነፋስ ጻፍኩልሽ።

ለምን ብትይኝ፣ ከመጀመሪያውም ፀደይ ያልኩት ወር መጻፍ ፈርቼ ነው። መስከረም ብል መስከረም ሲደርስ ትይዙኛላችሁ። ፀደይ ብል ግን መቼ ነው ብሎ የሚይዘኝ የለም ብዬ ነው። መውጣት ፈራሁ አክስቴ። ወጥቼ መመለስ ባልችል፣ ሆሳዕና ላይ ባዶ እጄን ቆሜ ሰው ሲያየኝ ታየኝ። ምናልባት እስከዚያ ትድናለች፣ ምናልባት ያለ እኔ ትገባለች እያልኩ ቀኑን አሳለፍኩት። ፀደዩ ያመኑትን በጎች እንዳደረጋቸው እኔም እናቴን አደረግኳት። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ሱቋን ለአህመድ ለቅቄለታለሁ። መንገዱ በበረዶ ተዘግቶ ነበር፣ ዛሬ ተከፍቷል። ቲኬት ቆርጫለሁ፤ እሑድ ጥቅምት 3 ቀን አዲስ አበባ እገባለሁ፣ ሰኞ ሀቢቾ ነኝ። ከዚህ ገጽ ውስጥ ይህን ቀን ብቻ አንብቢላት። ጥቅምት 3 በያት።

ናትናኤል


መስከረም 24 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሀቢቾ

ለናትናኤል፣

እግዚአብሔር መንገድህን ያቅናልህ። ፈቃድ ጠይቄ ከእናትህ ጋር ነኝ። ደብዳቤህን ለሁለት ቀን ከፋፍዬ አነበብኩላት፤ ቶሎ ትደክማለች። ከዚህ ቀጥሎ ያለው የእሷ ነው። እሷ በሀዲይኛ ትለዋለች፣ እኔ በአማርኛ እጽፋለሁ፦

«ናቲ ልጄ። ፀደይህን ሰማሁት። ለበጎቹ አዘንኩ፤ ለሽማግሌውም አዘንኩ። ከንፈርህ እንዳይደማ ቫዝሊን አትርሳ።

«ወረቀቱ ሦስት ነበር፣ ኤልሳ ያነበበችልኝ ሁለቱን ነው። ሦስተኛውን ስታነብ ፊቷን አይቻለሁ። ምን እንዳለበት አልጠየቅኳትም፤ አንተንም አልጠይቅህም። ግን የምነግርህ አለኝ፣ ስማኝ። በግንቦት ብትመጣም እኔ አልገባም ነበር። ቢላዋ ፈርቼ ነው። ልጄ ካልመጣ ያልኩት ሰበብ ነው፤ ሰው ፈሪ እንዳይለኝ ባንተ አሳበብኩ። አንተ በር ላይ ብትቆምም በጓሮ በር ወጥቼ እሄድ ነበር። እኔ ነኝ የዘገየሁት፣ አንተ አይደለህም። ይህን ነገር እንዳትሸከመው፤ ሸክሙ የኔ ነው፣ እኔ ደግሞ አስቀምጬዋለሁ።

«ና አልልህም፣ አትምጣም አልልህም። የወለድኩህ ሆዴ አሁን ቢታመምም ይመርቅሃል። የምትሄድበት ሁሉ ይቅናህ። ብርድ አይንካህ።»

ከዚህ በታች ያለው የኔ ነው።

ያለችውን እንዳለችው ጽፌያለሁ፤ በዚህ ጊዜ አንድ ቃል አልጨመርኩም። እውነት ነው ወይ ብለህ አትጠይቀኝ። ስትናገር እጄን ይዛ ነበር፣ «ጽፈሽዋል?» እያለች ሁለት ጊዜ አስመለሰችኝ። እንድታምናት ነው የፈለገችው፤ እመናት።

የአንተንም ገጽ አንብቤያለሁ። በመጀመሪያው ቀን ባገኝህ እመታህ ነበር፣ በሁለተኛው ቀን አለቀስኩልህ፣ ዛሬ ደክሞኛል።

አሁን አብዛኛውን ጊዜ ትተኛለች። መርፌውን በየስድስት ሰዓቱ እሰጣታለሁ። ስትነቃ ስለ ጎረቤት ታወራለች፣ ውኃ ትጠጣለች፣ ወደ በሩ አታይም። ከሰኔ ወዲህ ወደ በሩ ሳታይ ስትውል ያየኋት አሁን ነው፤ ያ ዕረፍት ነው።

ስለዚህ ጥቅምት 3 ያልከውን አላነበብኩላትም። አላነብላትምም። ከመጣህ ታይሃለች፤ ቀኑን አስቀድማ ማወቋ ለደስታዋ ምንም አይጨምርም። ካልመጣህ ደግሞ አልመጣህም፤ እሷ ግን እየጠበቀችህ አትሞትም።

አክስትህ
ኤልሳቤጥ